ሐኪሞቹ ያልጻፉት ምዕራፍ፦ አቡ ዘይድ አል-በልኺና የነፍስ ሕመም

«ኢማንህ ስለደከመ ነው!» እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አስጠልቶት፣ ከሰው ርቆ የከረመ ወጣት እንደምንም ደፍሮ ለአንድ ሰው ቢናገር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ ይህ ነው። ተናጋሪው ክፉ አስቦ አይደለም። ወጣቱ ግን ሁለት ሸክም ተሸክሞ ይመለሳል፤ አንዱ የነበረበት ጭንቀት ነው፣ ሌላው ደግሞ «ለካ ዲኔም ጎደሎ ነው» የሚል ሐፍረት። ከዚያ በኋላ ለማንም አይናገርም። መቼም የነቢዩ ያዕቁብን (ዐለይሂ ሰላም) ዐይን ያነጣው ሐዘን የኢማን ማነስ ነበር የሚል ሙስሊም የለም። ታዲያ ይህ አነጋገር ከየት መጣብን? ቀደምት ሊቃውንቶቻችንስ እንዲህ ያስቡ ነበር? እስኪ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለስ።

አቡ ዘይድ አሕመድ ኢብኑ ሰህል አል-በልኺ በ235 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 850 ገደማ) ዛሬ አፍጋኒስታን በምንላት አገር፣ በልኽ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ልጆችን የሚያስተምር መምህር ነበር። ወጣት ሳለ ዒልም ፍለጋ ወደ ዒራቅ ሄዶ ዓመታት ቆየ፤ ከአል-ኪንዲም ተማረ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ በ322 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 934) ሞተ። የጂኦግራፊ ታሪክ አጥኚዎች ስሙን በካርታ ሥራው ያነሱታል። እኛን ዛሬ የሚመለከተን ግን «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» የተባለው ኪታቡ ነው፤ አካልንና ነፍስን በደኅንነት መጠበቂያ እንደ ማለት ነው።

ኪታቡ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ስለ አካል ነው፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መኖሪያው። ሁለተኛው አጠር ይላል፤ ስምንት ምዕራፍ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስለ ነፍስ ነው። አል-በልኺ የዘመኑን ሐኪሞች የሚወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከአካልና ከነፍስ የተሠራ ሆኖ ሳለ እነሱ ስለ አካል ብቻ ይጽፋሉ ይላል። ክርክሩ ቀላል ነው፦ ሰው ዓመታት ትኩሳት ሳይነካው ሊኖር ይችላል፤ ንዴት፣ ፍርሃት፣ ትካዜ ወይም ወስዋስ ሳይነካው የሚያልፍ ቀን ግን ጥቂት ነው። በዚያ ላይ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታወካል። አካሉ የታመመ ሰው ማሰብ ይሳነዋል፤ ነፍሱ የታመመችም የዓለም ጣዕም ይጠፋበታል፣ አልፎም አካሉ ይታመማል።

ከሁሉ በላይ የወደድንለት ሐዘንን የከፈለበት መንገድ ነው። አንደኛው ሐዘን ሰበቡ የታወቀ ነው፤ የሚወዱትን ሰው በሞት ማጣት፣ ገንዘብ መክሰር የመሳሰለው። ሁለተኛው ግን ሰበቡ የማይታወቅ ነው። ባለቤቱ «ምን ሆንክ?» ቢባል መልስ የለውም፤ ልቡን የሚጫነውን ነገር ምንነት አያውቀውም፤ ደስ ይለው የነበረውም ነገር ሁሉ ይጎመዝዘዋል። አል-በልኺ የዚህን የሁለተኛውን ምንጭ ከአካል፣ በተለይም ከደም ሁኔታ ጋር ያያይዘዋል። የዛሬ ሕክምና ማብራሪያውን በዚያው ቃል አይቀበለውም፤ ደም ማጥራት የዘመኑ ሕክምና ነበርና። ነገር ግን ያደረገውን ልብ በሉ፦ ምክንያት የሌለውን ትካዜ «ጥፋት» ብሎ አልመዘገበውም፤ ሕመም ብሎ ነው የመዘገበው። ሕመምተኛ ደግሞ ይታከማል እንጂ አይወቀስም።

ስለ ፍርሃት ሲጽፍ ደግሞ የጭጋግ ምሳሌ ያነሣል። ጭጋግ አይቶ የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሲመለከተው የማይታለፍ ግድግዳ ይመስለዋል፤ ሲገባበት ግን ያው የሚተነፍሰው እርጥብ አየር ሆኖ ያገኘዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲጓዝ የጣርማበር ጭጋግ ያጋጠመው ወንድማችን ይህን ሳይተረጎምለት ይረዳዋል። መድኃኒትን በተመለከተም አል-በልኺ አስተዋይ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋበት ጊዜ የሚያጽናና ሐሳብ ማጠራቀም አለበት ይላል፤ ማዕበሉ ሲመጣ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳልና። ያም ሆኖ ሰውን ለብቻው አልተወውም። ወስዋስ የሚያስቸግረው ሰው ከብቸኝነት እንዲርቅ፣ የሚያምነውን ሰው ምክር እንዲሰማ ያሳስባል። ሐኪምም ቢሆን ሲታመም ሌላ ሐኪም ይፈልጋል።

«ይህ ለተራው ሰው ነው፣ ዓሊም ግን እንዲህ አይሆንም» የሚል ካለ፣ አል-በልኺ ከሞተ 160 ዓመት ያህል በኋላ ባግዳድ የሆነውን እንመልከት። ኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ (ረሒመሁሏህ) በኒዛሚያ መድረሳ ሦስት መቶ ተማሪዎች የሚያስተምሩ፣ አርባ ዓመት ያልሞላቸው፣ ስማቸው የገነነ ዓሊም ነበሩ። በ488 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. 1095) ከረጀብ ወር ጀምሮ ለስድስት ወራት ያህል ዱንያና አኺራ ሲጎትቷቸው ቆዩ፤ በመጨረሻም ምላሳቸው ተሳሰረ። ተማሪዎቻቸውን ደስ ለማሰኘት አንድ ቀን ብቻ ለማስተማር ቢታገሉ ቃል አልወጣ አላቸው። ሐዘኑ ወደ ሆድ ወረደ፤ መረቅ እንኳ አልዋጥ አለ። ሐኪሞቹ መርምረው ተስፋ ቆረጡ፤ ነገሩ ከቀልብ ተነሥቶ ወደ አካል የተዛመተ ነው፣ የልቡ ጭንቀት ካልተነሣ መድኃኒት አይሠራም አሉ። ሳያውቁት የበልኹን ሰው ነገር እየደገሙ ነበር ማለት ይቻላል።

እኛ ዛሬ ተነሥተን የሕመማቸውን ስም አንለጥፍም፤ እሳቸው ራሳቸው የዲን ትግል መሆኑን ነግረውናል። የሚገርመን የሕዝቡ ወሬ ነው። ኢማሙ ሹመታቸውን ትተው ከባግዳድ ሲወጡ ሩቅ ያለው «ባለ ሥልጣኖቹን ፈርቶ ነው» አለ፤ ቅርብ ያለው «ዐይን ነው የበላቸው» አለ። ሁሉም ገመተ። እሳቸው ግን ሻም ገቡ፤ በደማስቆ መስጂድ ሚናራ ላይ በራቸውን ዘግተው ሰነበቱ፤ ዓመታት ቆይተው በ499 ሂጅሪያ ኒሻፑር ላይ ወደ ማስተማር ተመለሱ። ከዚያም «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተሰኘው ኪታባቸው ምላሳቸው መተሳሰሩንም፣ ምግብ አልዋጥ ማለቱንም፣ ሐኪሞቹ ያሉትንም ሳይደብቁ በገዛ እጃቸው ጻፉት።