ያረጀ ሞተርን ወደ ሲንተቲክ ዘይት ማሸጋገር፦ በእንጦጦ ዳገት የሚፈተን ውሳኔ

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ለአሮጌ መኪና ቀላል አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ደብር የሚገኝበት ይህ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በተለይ ወር በገባ በ21፣ በማርያም ዕለት፣ ምእመናንን የጫኑ ሚኒባሶችና የቤት መኪኖች በዝቅተኛ ማርሽ እያጓሩ ዳገቱን ይገፋሉ። በእንዲህ ያለ መንገድ የሞተርን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በውስጡ ያለው ዘይት ነው።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ክብደት አለው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በውጭ አገር ሲነዱ ቆይተው በሚገቡ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። በመሆኑም በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ለብዙ ዓመታት ማገልገል ይጠበቅበታል። ከዚህ የተነሣ “ሲንተቲክ ዘይት ላድርግበት ወይስ በለመደው ይቀጥል?” የሚለው ጥያቄ በየጋራዡ ይሰማል።

ሲንተቲክ ዘይት ምንድን ነው?

የተለመደው የሞተር ዘይት ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚገኝ ነው። ሞለኪውሎቹ በመጠንና በቅርጽ እኩል አይደሉም፤ ሰምና ድኝን የመሰሉ ቅሪቶችም አይጠፉበትም። ሲንተቲክ ወይም ሰው ሠራሽ የሚባለው ዘይት በኬሚካል ሂደት የተቀነባበረ ስለሆነ ሞለኪውሎቹ ተመሳሳይ ናቸው። በብርድ ቶሎ አይረጋም፤ በሙቀት ቶሎ አይቀጥንም፤ ተቃጥሎ ወደ ጥቁር ዝቃጭ የመለወጥ ዝንባሌውም አነስተኛ ነው።

ይሁን እንጂ ስያሜው በየአገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 የማስታወቂያ ክርክር ከተዳኘ በኋላ እጅግ የተጣራ የማዕድን ዘይትም በሲንተቲክ ስም እንዲሸጥ መንገድ ተከፍቷል። “ከፊል ሲንተቲክ” በሚባለው ውስጥም የሰው ሠራሹ ድርሻ ስንት መሆን እንዳለበት ወጥ ልኬት አልተቀመጠም። ስለዚህ ገዢው ከጣሳው ፊት ካለው ትልቅ ጽሑፍ ይልቅ ጀርባው ላይ የሰፈሩትን የውፍረት ቁጥርና የጥራት ደረጃ ማንበብ ይኖርበታል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

“ሲንተቲክ አሮጌ ሞተር ያስለቅሳል” የሚለው አባባል መሠረት የሌለው አይደለም። ሞቢል 1 እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ በቀረበበት ዘመን የነበሩት ሰው ሠራሽ ዘይቶች የጎማ ማኅተሞችን የማኮማተር ባሕርይ ነበራቸው። የማዕድን ዘይት ማኅተሙን በመጠኑ ያሳብጣል፤ ያ እብጠት ሲጎድል ዘይት መንጠባጠብ ይጀምራል። በኋላ አምራቾች ማኅተሙን የሚያለሰልሱ ቅመሞችን በመጨመር ችግሩን አስተካክለዋል።

ዛሬ ፍሳሽ የሚታየው በአብዛኛው በሌላ ምክንያት ነው። በቆየ ሞተር ውስጥ የተጋገረው ዝቃጭ የተሰነጠቀን ፓራኦሊዮ ወይም ያረጀን ጓርኒሲዮን ሸፍኖ ይቆያል። የአጣቢነት ኃይሉ የበረታ አዲስ ዘይት ሲገባ ዝቃጩ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ድሮ የነበረው ስንጥቅም ይገለጣል። ዘይቱ ቀዳዳውን አልፈጠረውም፤ አሳየው እንጂ።

ሌላው ወሬ ሁለቱ ዘይቶች ከተቀላቀሉ ሞተር ይበላሻል የሚለው ነው። ደረጃቸውን የጠበቁ የሞተር ዘይቶች እርስ በርስ እንዲዋሐዱ ሆነው ይሠራሉ። መቀላቀሉ የውዱን ዘይት ጥቅም ይቀንሳል እንጂ ሞተሩን አይገድለውም። “አንዴ ሲንተቲክ የቀመሰ ወደ ኋላ አይመለስም” የሚለውም እውነት አይደለም።

ከፍታው፣ ብርዱና ሙቀቱ

በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ በእንጦጦ አናት ደግሞ ሲሶ ያህል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። አሽከርካሪው በዝቅተኛ ማርሽ፣ በከፍተኛ ዙር ለመውጣት ይገደዳል፤ የዘይቱም ሙቀት ይጨምራል። በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበታል። ያልነደደው ቤንዚን በፒስተን ፋሻ በኩል ሾልኮ ዘይቱን ያቀጥነዋል። መለኪያ ዘንጉ ሲወጣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። ይህን ሲንተቲክ ዘይት አያድነውም፤ መፍትሔው ካርቡራቶሩን ማስተካከል ነው።

በዚህ ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ መኪናው ዳገቱ መሐል ይፈላል። ሙቀት የሚቋቋም ዘይት የራዲያተርን ሥራ አይተካም።

ስለ ብርዱ ሲነሣ የዘይቱን ቁጥር መረዳት ይገባል። “20 ደብሊው 50” በሚለው የመጀመሪያው ቁጥር በብርድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሞተሩ በጋለ ጊዜ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። ባለ 15 ደብሊው ዘይት ሞተር የማስነሣት ብቃቱ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ነው። የእንጦጦ ንጋት ቢበርድም ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ስለሆነም በአገራችን ደጋ ሲንተቲክን የሚያስመርጠው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጥቅሙ በዳገት፣ በጭነትና በተርቦ ሙቀት ላይ ይታያል።

የትኛው ሞተር ይሸጋገር፣ የትኛው ይቆይ?

መጀመሪያ ሞተሩ ምን ያህል ዘይት እንደሚበላ መለካት ያሻል። ዘይቱን እስከ ልኩ ሞልቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ጉድለቱን ማየት ይቻላል። በዚህ ርቀት 1 ሊትር የሚበላ ሞተር በ5,000 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይፈልጋል፤ ይህም ብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች በአንድ ጊዜ ከሚይዙት ይበልጣል። እንዲህ ላለው ሞተር ውድ ዘይት መግዛት ገንዘብን በጭስ ማውጫ መበተን ነው። ፋሻውና የቫልቭ ማኅተሙ እስኪታደሱ ድረስ በተለመደው ዘይት ቢቀጥል ይሻላል።

የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ወፍራም ጥቁር ዝቃጭ የሚታይበት ሞተርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝቃጩ በአንድ ጊዜ ከለቀቀ የዘይት ፓምፑን መምጠጫ ወንፊት ይዘጋል፤ ዘይት ያጣ ብሮንዚናም ብዙ አይቆይም። በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ ማጠብ ደግሞ ይህንኑ አደጋ ያፋጥናል።

በአንጻሩ ጭስ የሌለው፣ ዘይት የማይበላ፣ የማያንጠባጥብ ሞተር ብዙ ዓመት ቢያስቆጥርም ያለ ስጋት ሊሸጋገር ይችላል። ተርቦ ያላቸው የናፍጣ ሞተሮች በተለይ ይጠቀማሉ፤ በተርቦው ግለት ተራ ዘይት ቶሎ ስለሚከስል ነው።

እንደ ቮልስዋገን ቢትል ያሉ ጥንታዊ መኪኖች የተለየ ነገር አላቸው። የቫልቭ አንቀሳቃሾቻቸው እርስ በርስ የሚፋተጉ በመሆናቸው ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ያስፈልጋቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በወጡት የኤፒአይ የቤንዚን ደረጃዎች በቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ ፎስፈረስ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ለእነዚህ ሞተሮች ገደቡ የማይመለከተው እንደ 20 ደብሊው 50 ያለ ወፍራም ዘይት ይመረጣል። ከዚህም በላይ የቢትል ሞተር የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ስለዚህ የትኛውም ዘይት ቢገባበት የመቀየሪያ ጊዜው መራዘም የለበትም።

የሽግግሩ ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ የሚታይ ፍሳሽ ካለ አስቀድሞ ይጠገናል። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሞቅ እንዳለ አሮጌው ዘይት ይፈስሳል፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየራል። ሦስተኛ፣ የውፍረት ቁጥሩ ይጠበቃል። የመጀመሪያው ቁጥር ቢቀንስ ጉዳት የለውም፤ ሁለተኛው ግን አምራቹ ከፈቀደው መውረድ የለበትም። በ15 ደብሊው 40 ሲሠራ የኖረ ሞተር ወደ 5 ደብሊው 40 ሊሸጋገር ይችላል። ለአዳዲስ መኪኖች የተሠራው 0 ደብሊው 20 ግን ክፍተቱ የሰፋ አሮጌ ሞተር ውስጥ ሲገባ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ሙሌት ከ2,000 እስከ 3,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድቶበት ከነፊልትሮው ይቀየራል፤ የለቀቀውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነውና። አምስተኛ፣ በነዚህ ሳምንታት የዘይቱ ልክ በየሳምንቱ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይታያል። የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግድ ነው፤ “ጋራዥ እስክደርስ” ማለት ሞተር ያስወርዳል። ዘይቱ ቶሎ መጥቆሩ ግን፣ በተለይ በናፍጣ ሞተር፣ ሥራውን መሥራቱን እንጂ መበላሸቱን አያሳይም።

በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ሲንተቲክ ስለገባበት ብቻ የመቀየሪያ ጊዜው ሊራዘም አይገባም። አቧራ በማንኛውም ዘይት ውስጥ እንደ ሞረድ ይፍቃል፤ የአየር ማጣሪያውን ንጹሕ ማድረግ ከዘይት ምርጫ ይቀድማል።

ለውኃ ፓምፕና ለባጃጅ

ለመስኖ የሚያገለግሉ ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ብዙዎቹ የዘይት ፊልትሮ የላቸውም። ለምሳሌ ለሆንዳ ጂኤክስ ሞተሮች የተሰጠው መመሪያ የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ እንዲቀየር ያዛል። ገበሬው ተራ ዘይት በወቅቱ ቢቀይር፣ ሲንተቲክ ሞልቶ ሙሉ በጋ ከሚረሳው ይልቅ ፓምፑ ይቆይለታል።

ባለ አራት ምት ባጃጅና ሞተር ሳይክል ውስጥ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ብዙውን ጊዜ በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይሠራል። ለመኪና የተዘጋጀ አንሸራታች ዘይት ከገባ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በጣሳው ላይ “ጃሶ ኤምኤ” የሚል ምልክት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

የተቃጠለው ዘይት

ከሞተር የወጣው ዘይት መርዛማ ነው። ምስጥ እንዳይበላ ብሎ የአጥር እንጨት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ዘይቱ ወደ አፈሩና ወደ ውኃው ይሰርጋል፤ የቆዳ ንክኪውም ለጤና አደገኛ ነው። ከእንጦጦ ሥር የሚነሣው የቀበና ወንዝ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይፈስሳል። በተራራው ግርጌ ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት መድረሻው ከታች ያለው ገበሬ የሚያጠጣበት ማሳ ነው። በክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሞ፣ ዘይቱን ለሚቀበል ጋራዥ ማስረከብ ተገቢ ነው።

በጥቅሉ ለአሮጌ ሞተር ሲንተቲክ ዘይት መርዝም ታምርም አይደለም። ጤናማውን ሞተር ያግዛል፤ የታመመውን ግን አይፈውስም። የዘይቱ ዋጋ ከመከፈሉ በፊት የሞተሩ ጤና መታየት አለበት።