ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባን መጠበቅ

ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰው ቤተሰብ ከቦ «አባባ፣ አይነቃነቁ፣ አያስሉ፣ ስፌቱ ይተረተራል» ሲል በሥራዬ ዘወትር እሰማለሁ። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም ሳንባን ይጎዳል።

በሙሉ ማደንዘዣ ወቅት በሳንባ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ከፊሎቹ አየር አጥተው ይሟሽሻሉ። ሕመምተኛው ቁስሉን ፈርቶ በጥልቀት ካልተነፈሰ እንደተዘጉ ይቆያሉ፤ አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። የደረትና የላይኛው ሆድ ቀዶ ሕክምና፣ የዕድሜ መግፋትና ሲጋራ አደጋውን ያባብሱታል። ብዙ መተኛት ደግሞ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ የሳንባን ደም ሥር ከዘጋ በድንገት ሊገድል ይችላል።

ለሕመምተኞቼ የምመክረው ይህንን ነው። ሲጋራ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁሙ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነቅተው ሳሉ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል በጥልቀት ይተንፍሱ፤ ቁስሉን በትራስ ደግፈው ያስሉ፤ ሐኪም እንደፈቀደልዎ ተነስተው ይራመዱ። ሕመሙ ትንፋሽ ከከለከለዎ ማስታገሻ ይጠይቁ፤ ችሎ መተኛት ጀግንነት አይደለም።

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም የአንድ እግር እብጠት ካዩ፣ ቤትዎ ከገቡ በኋላም ቢሆን፣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይሂዱ።