ሳልባጅና የዘፋኝ መድረክ በአዲስ አበባ

የከተማችንን ታሪክ ስንጽፍ ስለ አዋጅና ስለ ሹመት እንጂ ስለ ኮትና ስለ ሱሪ የምንናገረው ጥቂት ነው። ሳልባጅ የሚለው ቃል ራሱ ከእንግሊዝኛ የተወረሰ ነው፤ ከጥፋት የተረፈ ዕቃ ማለት ሲሆን፣ በእኛ ገበያ ግን ከውጭ አገር በቦንዳ ታስሮ የሚመጣ የልባሽ ልብስ ስም ሆኖ ቀረ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ጥላሁን ገሠሠ በክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ ታጅበው ሲዘፍኑ ለማየት የሄደ ሰው ዜማ ብቻ ይዞ አይመለስም ነበር። ዓለማየሁ በወጣትነቱ እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ ይለብስና ጠጉሩን ያሳድግ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። ድምፅ በራዲዮ ይሰማል፤ የኮት አቆራረጥ ግን በራዲዮ አይታይም። መድረክ ላይ ያየውን ለማሰፋት ገንዘብ ያጠረው ወጣት ከልባሹ ክምር መሐል ቢፈልግ ምን ያስደንቃል?

በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ የፋሽን ትርዒት በተዘጋጀ ጊዜ፣ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሁከት ተነሣ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ተቃዋሚዎቹ ለድኻው መቆርቆራቸውን አንክድም። ነገር ግን ድኻው ከቦንዳ መርጦ የሚለብሰውስ ከባዕድ አገር የመጣ አይደለምን? ደግሞም ነቀፋው በሴቶች አጭር ቀሚስ ላይ ወደቀ እንጂ የወንዶቹን ከረባት (እርሱም የአገር ልብስ አይደለም) የነካው አልነበረም። እኛ እንደሚመስለን፣ የዚያ ቀን ጠብ ስለ ልብስ ምንጭ ሳይሆን ስለ ለባሿ ነበር።