የመርካቶ ውሻ አንገት

በኤሌክትሪክ የሚነዝር የውሻ አንገት ማሰሪያ አሜሪካ ውስጥ ለአደን ውሾች ተብሎ የተሠራው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ባለቤቱ በሩቅ ሆኖ ቁልፍ ይጫናል፤ የውሻው አንገት ይነዘራል። ዌልስ በ2002 ዓ.ም. በሕግ ከልክላዋለች። ከተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ አንዱ ነው፦ ውሻው ሕመሙ ከየት እንደመጣበት አያውቅም፤ ስለዚህ በዚያች ቅጽበት ዓይኑ ካረፈበት ነገር፣ ምናልባትም ከአንድ ሕፃን ጋር ያያይዘዋል።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ መርካቶ ይሄዳል። የዚያ ሰፈር ውሻ አንገቱ ባዶ ነው።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ ነበር። ጣልያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) አገሬውን ለይተው ወደ ምዕራብ ሲገፉት ገበያው አብሮ ሄደ፤ በቋንቋቸው «ገበያ» ያሉትም ስም ሆኖ ቀረ። መርካቶ ቀን የሰው ነው። ሌሊት፣ የላሜራው በር ሁሉ ወርዶ ሲቆለፍ፣ የዘበኛና የውሻ ይሆናል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ዘበኛው ከእራቱ ትራፊ ይጥልለታል፤ እሱም ይጮህለታል። ግን «የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የእኔ የሚል አይገኝም። በቋንቋችንስ ተጠያቂ የሌለው ሞት «ደመ ከልብ» አይደል?

ፍርሃቱ ከንቱ ነው አልልም። በ1876 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ተዛምቶ ነበር፤ በ1895 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአዲስ አበባ ውሾች ላይ ታየ። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ታሪክ ከባህላዊ ሕክምናው ጋር ጽፈውታል። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውን የአገር ውስጥ ክትባት ሆዱ ላይ ለብዙ ቀናት የተወጋ ሰው ስለ ውሻ ርኅራኄ ቢወራለት ላይጥመው ይችላል።

ማዘጋጃ ቤቱ ለዓመታት የሰጠው መልስ ግን ስትሪክኒን ነበር። መርዙ በሥጋ ተደርጎ ይጣላል፤ ሬሳው ይሰበሰባል። መርዙ የሚሠራው በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ነርቭን የሚገታውን ንጥረ ነገር በመዝጋት ነው። ልጓሙ ሲበጠስ የሰውነት ጡንቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይኮማተራል፤ ጀርባ እንደ ቀስት ይደገናል፤ ድምፅ ወይም ብርሃን ሲነካው እንደገና ይጀምራል፤ ትንፋሽ እስኪያጥር ድረስ አእምሮ አይስትም። ዌልሶች የከለከሉት ንዝረት ቢያንስ ቁልፉን የሚለቅ እጅ አለው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን እንስሳ ማሠቃየትን በደንብ መተላለፍ ይቆጥረው ነበር፤ ሥጋውን የሚጥለው ሠራተኛ ግን የመንግሥት ሥራ ላይ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ፣ ግድያው በሽታውን አለማስቆሙ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሲናገር የቆየው ከውሾች ሰባ በመቶው ከተከተቡ በሽታው እንደሚገታ ነው። የተከተበው ውሻ ሲገደል ቦታውና ትራፊው ባዶ ይሆናል፤ ያልተከተበ መጤ ይገባበታል። በሌሎች አገሮች የክትባት ዘመቻዎች የተከተበ ውሻ እንዲለይ አንገቱ ላይ ባለቀለም ማሰሪያ ይደረግለታል። ለመርካቶም ይህንኑ እመኛለሁ። ማን ያስረው ቢባል፣ ሌሊት ትራፊ የሚጥልለት ዘበኛ አለ፤ ውሻው አንገቱን የሚያስነካው ለእሱ ነው።