ቱኒስ በር ላይ ያለቀሰው ወጣት



ኢብን በጡጣ ሲባል ሁላችንም ከሞሮኮ ተነስቶ ቻይና የደረሰውን አገር አቋራጭ ነው የምናስበው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ግን ስለ አንድ ለቅሶው ነው።

ከትውልድ ከተማው ጠንጃ ለሐጅ የወጣው በረጀብ ወር 725 ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1325 ነው። ዕድሜው 21። አብሮት የሚሄድ አንድም ጓደኛ አልነበረውም። መንገድ ላይ ከሌሎች ተጓዦች ጋር ተቀላቀለ፤ ትኩሳት ያዘው፤ እንዳይወድቅ በጥምጣሙ ጨርቅ ራሱን ከኮርቻው ጋር አስሮ ቱኒስ ደረሰ። የከተማው ሰው አብረውት የመጡትን ዑለማዎች ሊቀበል ወጥቶ ነበር። ሁሉም ይሳሳማል፣ የቤተሰብ ወሬ ይጠያየቃል። እሱን ግን የሚያውቀው ስለሌለ ማንም ሰላም አላለውም። እንባውን መቆጣጠር አቃተው። ከሑጃጆቹ አንዱ ነገሩ ገባውና ጠጋ ብሎ ሰላም አለው፤ ከተማ እስኪገቡ ድረስ እያጫወተው ሄደ።

አስቡት! ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ሱልጣኖችን አግኝቷል፣ ዴልሂ ላይ ቃዲ ሆኗል። የጉዞ መጽሐፉ በ1355 ሲጠናቀቅ ግን ከ30 ዓመት በፊት ሰላም ያላለውንም፣ ሰላም ያለውንም አልረሳም።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። በኛ መስጂድ አንድ ወጣት ለአራት ወር ያህል መግሪብን ከኛ ጋር ሰገደ። ሥራው በላፕቶፕ ነው፤ ከሌላ ከተማ መጥቶ ቤት ተከራይቶ ነበር። ሁልጊዜ ጫማውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ስሙን የጠየቅኩት ግን ሊሰናበተኝ የመጣ ዕለት ነው። ይህን ታሪክ እንደገና ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባይተዋር የሆነን ሰው «አንተ ራስህ ተግባባ፣ ጓደኛ ፈልግ» እንለዋለን። በኢብን በጡጣ ዘመን በብዙ ከተሞች ይህ ሸክም የነዋሪው ነበር።

በዛሬዋ ቱርክ፣ በአንታልያ፣ አንድ ያረጀ ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ እራት ጋበዘው። ኢብን በጡጣ ቱርክኛ አያውቅም፤ ሲተረጎምለት ይህን ድሃ ላስቸግረው አልፈልግም አለ። ያስተናገደው ሸይኽ ሳቀ። ሰውዬው ጫማ ሰፊ ቢሆንም 200 ያህል የእጅ ባለሙያዎች በመሪነት የመረጡት «አኺ» ነበር። እነዚህ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ያላገቡ፣ ቀን ይሠራሉ፤ ከዐስር በኋላ የቀን ገቢያቸውን አምጥተው ምግብና ፍራፍሬ ይገዛሉ። ዛዊያቸው ምንጣፍና ፋኖስ አለው። በዚያ ቀን ሙሳፊር ከመጣ እስኪሄድ ድረስ እንግዳቸው ነው፤ ካልመጣ ራሳቸው ተሰብስበው ይበላሉ። ከዚያ አልፎ ዴኒዝሊ ሲገባ ደግሞ ሰዎች የፈረሱን ልጓም ይዘው መሟገት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ጩቤ መዘዙ። ወንበዴ መስለውት ደነገጠ። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሲያስረዳው ለካ ጠቡ እኛ ነን የምናስተናግደው በሚል በሁለት የአኺ ቡድኖች መካከል ነው! በዕጣ ተለያዩ።

ወደኛ ቀጣናም መጥቷል፤ ይህ እንኳ ከአናቶሊያ በፊት ነው። ዘይላዕን አልወደዳትም። በዓሣውና በመንገድ ላይ በሚታረደው ግመል ሽታ የተነሳ ባሕሩ እየተናወጠ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። (የዘይላዕ ወዳጆች አትቀየሙኝ፣ እሱ ነው ያለው።) መቅዲሾ ላይ ግን ሌላ ነገር ገጠመው። መርከብ ሲደርስ የከተማው ወጣቶች በትናንሽ ጀልባ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ የተከደነ ምግብ ይዞ ለአንድ ነጋዴ ያቀርብና እንግዳዬ ነው ይላል። ነጋዴው እሱ ቤት ያርፋል፤ ባለቤቱ ይሸጥለታል፣ ይገዛለታል። ያለ እሱ የተደረገ ሽያጭ ውድቅ ነው። መቼም ይህ ንጹሕ ደግነት ብቻ አይደለም፣ ጥቅምም አለበት። ግን መጤው የሚጠብቀው አንድ ሰው አገኘ። ኢብን በጡጣ ነጋዴ ሳይሆን የፊቅህ ሰው ነው ሲባል ወጣቱ ለቃዲው አስተላለፈው፤ ቃዲውም ከደረሶቹ ጋር ባሕሩ ዳር ድረስ መጥቶ ተቀበለው።

ለነጋዴው መቅዲሾ ያደረገችውን፣ ከዚህ ለሄደው ደረሳ ካይሮ አድርጋለች። አል-አዝሀር ውስጥ ከኛ አካባቢ ለሄዱ ተማሪዎች «ሪዋቅ አል-ጀበርቲ» የሚባል ማደሪያ ነበር። የታወቀው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (በ1825 የሞተው) የሩቅ አያት ከዚህ ሄዶ የዚያ ሪዋቅ ሸይኽ የሆነ ሰው ነው። አዲስ ገቢው ደረሳ ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የቱ ሸይኽ ዘንድ እንደሚቀራ የሚነግረው ሰው እዚያ ያገኛል።

እንዲህ ያለ ነገር በሌለበት ኢብን በጡጣም እንደ ማናችንም ነበር። ቻይና ውብ አገር ሆና ሳለ ልቡ ተጨንቆ ከቤት መውጣት ይጠላ እንደነበር፣ ሙስሊም ሲያገኝ ዘመዱን ያገኘ ያህል ይሰማው እንደነበር ይተርካል። እዚያው ሳለ አንድ የተከበረ ዓሊም ሊጎበኘው መጣ። ኢብን በጡጣ ፊቱን አተኩሮ ሲያየው፣ ሰውዬው ምነው የምታውቀኝ ይመስል ታየኛለህ አለው። አገሩን ሲጠይቀው ከሰብታ ሆኖ ተገኘ፤ ሰብታ ከጠንጃ ሩቅ አይደለችም። አል-ቡሽሪ ነው፤ ሕንድ ላይም ቀድሞ ተገናኝተው ነበር። ሁለቱም አለቀሱ።

ከዓመታት በኋላ ኢብን በጡጣ ወደ ማሊ ሊሻገር ሲል በሰሐራ ጫፍ በሲጂልማሳ አረፈ። ያረፈበት ቤት የአል-ቡሽሪ ወንድም ቤት ነበር።

ወሏሁ አዕለም።