የጠረባ ፍርፋሪና የኮሌጅ ግቢ ጥራጊ

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው የአሸተን ማርያም ገዳም የሚወጣ ሰው ሁሉ ከዐለቱ ተፈልፍሎ የተሠራውን ሕንፃ ያደንቃል። ተጠርቦ የወጣው ድንጋይ ወዴት እንደ ሄደ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ለመሐንዲስ ይህ ጥያቄ ከፊተኛው አያንስም።

በተለመደው ግንባታ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረባል፤ በዚህ ዐይነቱ ሥራ ግን ሕንፃው የሚገኘው ከዐለቱ በመቀነስ ነው። ስለሆነም የፍርፋሪው መጣያ የሥራው አንድ ክፍል እንጂ ከሥራው በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በላሊበላ ከጠረባው የወጣውን የፍርፋሪ ክምር መርምረው የአብያተ ክርስቲያናቱን የአሠራር ቅደም ተከተል ለመለየት ተጠቅመውበታል። ተጣለ የተባለው ነገር የታሪክ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

በገበሬውም ቤት ቢሆን የሚጣል ነገር ጥቂት ነበር። ገለባው ለከብት መኖና ለጭቃ ምርጊት፣ ኩበቱ ለማገዶ፣ የፍየሉ ቆዳ ለብራና ይውላል። ይኸው ልማድ በአዲስ አበባም አልጠፋም፤ ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ የሚገዛው ብረታ ብረትና ቆርቆሮ በመርካቶ ምናለሽ ተራ እንደ ገና ዕቃ ይሆናል፤ ያረጀ የመኪና ጎማም ተቆርጦ በረባሶ ጫማ ይወጣዋል።

ይሁን እንጂ የከተማው ጥራጊ ከዚህ ልማድ ዐቅም በላይ ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በ2010 ዓ.ም. በዚያው አጠገብ የረጲ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ነገር ግን እርጥብ የምግብ ትራፊ ሳይለይ ወደ እቶን ቢገባ፣ ከሙቀቱ ብዙው ውኃውን ለማትነን ይባክናል። መፍትሔው ከምንጩ መለየት ነው፤ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እንኳ ቤተሰብ ሁሉ እንደ ገና ሊያገለግል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር።

የኮሌጅ ግቢ በጥቂቱ ከተማ ነው፤ ወጥ ቤት፣ ማደሪያ፣ ቤተ ሙከራ፣ ጽሕፈት ቤት አለው። ስለዚህ ትምህርቱ ከዚያ ቢጀመር ይበጃል። በመጀመሪያ የአንድ ሳምንቱ ጥራጊ በየዐይነቱ ይመዘን፤ ያልተመዘነ ነገር መቀነሱ አይታወቅምና። ቀጥሎ የእንጀራና የወጥ ትራፊ ወደ ብስባሽ ጕድጓድ፣ ወረቀት፣ ጠርሙስና ብረት ለገዢው ይለይ። ከሁሉ በፊት ግን ትራፊው እንዳይበዛ ድርሻው በልክ ይቀርብ፤ ወረቀትም በሁለት ገጹ ይጻፍበት።

ነገ ከተሞቻችንን የሚነድፈው ዛሬ በዚህ ግቢ የሚማረው ወጣት ነው። ጥራጊው በመኪና ከበር ሲወጣ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ከተመረቀ፣ ሌላ ቆሼ መንደፉ አይቀርም። እንግዲህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በምናወጣው የሕንፃ ፕላን ሁሉ ላይ የጥራጊው መለያ ስፍራ እንደ በሩና እንደ መስኮቱ ተለክቶ ሊሠፍር ይገባል።