የጡት እጢ በምስል፤ የገለጻ ቃልና የፍርድ ቃል

በአማርኛ «እጢ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች ይሸከማል። አንደኛው በጤናማ ሰውነት ውስጥ ያለው ፈሳሽ አመንጪ አካል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወትሮው ውጭ ያደገ እብጠት ነው። ከዚህ የተነሣ «በጡትዎ ውስጥ እጢ ታይቷል» የተባለች ሴት የሞት ፍርድ የተነገራት ሊመስላት ይችላል። «ነቀርሳ»ም ብቻውን ሲቆም ካንሰርን፣ «ሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን በባክቴሪያ የሚመጣውን ሌላ በሽታ ያመለክታል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ስንሻ የምርመራው ታሪክ ይረዳናል ብለን እናምናለን።

ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ባገኘው ጨረር፣ ማለት ከጣልያንኛ ወስደን «ራጅ» ባልነው፣ ጡትን በስፋት የመረመረው የበርሊኑ የቀዶ ጥገና ሐኪም አልበርት ሳሎሞን ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1913 በቀዶ ጥገና የወጡ 3,000 ያህል ጡቶችን በራጅ አንሥቶ ምስሉን ከሥጋው ጋር እንዳነጻጸረ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1951 የኡራጓዩ ራውል ሌቦርኝ በምስሉ ላይ የሚታዩትን ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች ለበሽታው መለያነት አዋለ። በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ ጆን ዋይልድና ጆን ሪድ የጡት እብጠቶችን በድምፅ ሞገድ የመረመሩበትን ሥራ አሳተሙ። ራጅ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጥላ ሲያሳያቸው፣ አልትራሳውንድ ውኃ የቋጠረውን ከጠጣሩ ለመለየት አስቻለ።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሲሻሻል የሐኪሞቹ አነጋገር እንደ ተለያየ ቀረ። ስለሆነም የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ባይራድስ» የተባለውን የጋራ መዝገበ ቃላትና የደረጃ ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት ሐኪሙ አስቀድሞ ያየውን ቅርፅና ዳር ይገልጻል፤ ፍርዱን ለይቶ በቁጥር ያስቀምጣል። ለምሳሌ በወጣት ሴቶች ላይ የሚዘወተረው ፋይብሮአዴኖማ አብዛኛውን ጊዜ ሞላላ፣ ዳሩ የተስተካከለ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆኖ የተጋደመ ነው። እነዚህ ቃላት የዓይን ምስክርነት ናቸው። ሦስተኛው ደረጃ ግን ፍርድ ነው፤ እብጠቱ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ2 በመቶ እንደማይበልጥ ያመለክታልና።

የእኛም ተርጓሚዎች ይህንኑ ልዩነት ቢጠብቁ እንወዳለን። በገለጻው ክፍል «ጠጣር እብጠት» ወይም «ውኃ የቋጠረ እብጠት» ማለት ይበቃል። በፍርዱ ክፍል ደግሞ የላቲኑን ሥር ተከትሎ «ደግ እጢ» ማለት አይገባም፤ ካንሰር ያልሆነ እጢም ሊያድግና መውጣት ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ «ደግ» ከሚታወቀው በላይ ተስፋ ይሰጣል። «ነቀርሳ ያልሆነ»ም ከላይ ባየነው መንታ ፍች ይደናገራል። ባዕድ ቢሆንም ሕዝብ የለመደው «ካንሰር ያልሆነ» የተሻለ ነው። እንግዲህ ውጤቱ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «በግራ ጡት ዳሩ የተስተካከለ፣ ሞላላ፣ ጠጣር እብጠት ይታያል፤ ካንሰር አለመሆኑ እጅግ ያመዝናል፤ ከ6 ወር በኋላ ዳግመኛ ይታይ።»